«ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ ነው የማይገባኝ»
ሐይቅ ላይ ቴሌቪዥንና እስፒከር ስንመርጥ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከዱባይ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ ታናሽ እህቴ ነበረች። ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ሠርታ ካጠራቀመችው ላይ ቆንጥራ ለአንድ ወር ወደ ሀገር ቤት ልትመጣ ተነስታለች። «ወንድም ጋሼ» አለችኝ፤ «ለእማዬ ቴሌቪዥንና ሆም ቴአትር ልገዛላት ነው። ቴሌቪዥኑ ሰባ አምስት ኢንች፣ እስፒከሩ ባለ አምስት ይሁን። ቤታችን ሲኒማ ይምሰል። የድምፅ ሰው ስለሆንክ አንተ ምረጥልኝ»።

የእናታችን ቤት ሐይቅ ከተማ ነው። የማያውቃት አንባቢ ካለ፣ ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚያገኟት የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በሳሎናችን ግድግዳ ላይ አራት የፊሸር ቀዳዳዎች አሉ። የድሮው ቴሌቪዥን የተሰቀለው እዚያ ላይ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴንና አካባቢዋን ሲያዳርስ እናቴ ቤቱን ጥላ ወጣች። ስትመለስ ቴሌቪዥኑ ከነመስቀያው የለም፤ የቀሩት ቀዳዳዎቹ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ቤት እየሄደች ታይ ነበር።

እኔ አዲስ አበባ በድምፅ ቀረጻ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሥራዬ ይሁን እንጂ ለቤት የሚሆን መሣሪያ በመምረጥ ረገድ የሠራሁት ስህተት ከማንም አያንስም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለክፍለ ሀገር ወላጆቹ ቴሌቪዥን የሚገዛው ወዳጄ ብዙ ነው፤ ጥያቄውም ሁልጊዜ «ስንት ኢንች? ስንት ዋት?» ነው። እኛ ቤት እነዚህ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ሆነው ተገኙ። እንዴት እንደሆነ ልተርክ።

ዋጋ በብር አልጠቅስም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ነገ ተረት ይሆናል። የምናገረው ገንዘቡን እንዴት እንዳከፋፈልነው ብቻ ነው።

ከዕቃው በፊት ክፍሉ

እህቴ ከመድረሷ በፊት ሜትር ይዤ ሐይቅ ሄድኩ። ሳሎኑ ርዝመቱ 4.20፣ ወርዱ 3.60 ሜትር ነው። ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ከሥሩ ስስ ኮርኒስ አለው። በሦስቱ ግድግዳዎች ዙሪያ መጅሊስ ተነጥፏል፤ አራተኛው ግድግዳ ቀዳዳዎቹ ያሉበት ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መሐል ወለል ላይ ቆሞ ማጨብጨብ ነው። አንባቢም ይሞክረው። ባዶና በደንብ የተለሰነ ክፍል ውስጥ ሲያጨበጭቡ «ጧ» ካለ በኋላ የሚንጫጫ ጭራ ይከተላል። ድምፁ በሁለት ትይዩ ጠንካራ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። ያ ጭራ በተዋናዩ ንግግር ላይ ይደረባል፤ አንዱ ፊደል ሳያልቅ ሌላው ይመጣበታል። ይህን የሚያስተካክል ውድ እስፒከር የለም። የሚያስተካክለው ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና ፍራሽ ነው።

ስለዚህ መጅሊስ ወዳጃችን ሆነ። ሦስት ግድግዳ ሙሉ ስፖንጅና ትራስ ማለት በሌላ ሀገር ሰዎች ብዙ ገንዘብ ከፍለው ግድግዳቸው ላይ የሚለጥፉት ድምፅ መጣጭ ማለት ነው። ቢሆንም ከትራሱ በላይ ያለው ግድግዳ ባዶ ስለነበር ጭብጨባው አሁንም ይንጫጫል። እናቴ ሳጥን ውስጥ አጥፋ ያስቀመጠችውን ወፍራም ምንጣፍ አውጥተን በቴሌቪዥኑ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ ለመስኮቱ እጥፍ መጋረጃ ተደረገለት። ጭራው ግማሽ በግማሽ ጠፋ። ወጪው ሚስማርና አንድ ቀን ነው።

ቆርቆሮው ግን አልተሸነፈም። ከባድ ዝናብ ስስ ኮርኒስ ያለበትን ቆርቆሮ ሲደበድብ ከሰው ንግግር በላይ ይጮኻል። ከኮርኒሱ በላይ ጭድ ወይም የብርጭቆ ጥጥ ቢጎዘጎዝ ይቀንሳል፤ ጭዱ እሳትና አይጥ ያመጣል ብዬ ተውኩት፣ የብርጭቆ ጥጡን ደግሞ ደሴ ፈልጌ አጣሁት። ይህን ለጊዜው እንለፈው።

እህቴ በስሌት ረታችኝ

ስለ ስክሪን ስፋት የሲኒማ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ። ስክሪኑ ከተመልካቹ ዐይን 30 ዲግሪ ያህል ቢይዝ ምስሉ ቁም ነገር ይሆናል ይላሉ። በቀላሉ ሲሰላ፣ የስክሪኑን ሰያፍ ርዝመት በ1.6 ሲያበዙት የሚመቸውን ርቀት ያገኛሉ። ባለ 55 ኢንቹ ቴሌቪዥን ሰያፉ 140 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ርቀቱ 2.25 ሜትር ገደማ ይሆናል። በእኛ ሳሎን የኋላ መጅሊስ ላይ ለተቀመጠ ሰው ርቀቱ 3.20 ሜትር ነው። ስሌቱን ገልብጬ ስሠራው ያስፈልጋል የሚለው 77 ኢንች ሆኖ አረፈው! እህቴ ያለችው ሰባ አምስት ነበር። በስልክ ስነግራት ሳቀች።

ይሁንና ስሌቱ የሚያውቀው አንድ ተመልካች ብቻ ነው፤ መሐል ላይ የተቀመጠውን። የመጅሊስ ቤት ውስጥ ግን ከሰዎቹ ግማሹ በግራና በቀኝ ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚያዩት። ለስክሪኑ ቅርብ የሆነው ሰው ከአንድ ሜትር ከምናምን አይርቅም፤ የሚያየውም ከጎን ነው። እዚህ ላይ ከኢንች የበለጠ የሚያስጨንቀው የስክሪኑ ዓይነት ነው።

ገበያ ላይ «ኤልኢዲ» የሚባለው ቴሌቪዥን ሁሉ ኤልሲዲ ነው፤ ከጀርባው ያለው መብራት ኤልኢዲ ስለሆነ ነው ስሙን ያገኘው። «ኪውሌድ» የሚባለውም ቀለሙ የተሻሻለ ኤልሲዲ ነው። «ኦሌድ» ብቻ ነው የተለየው፤ እያንዳንዷ የምስል ነጥብ የራሷን ብርሃን ስለምትሰጥ ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው፣ ከጎንም ሲያዩት አይደበዝዝም። ኤልሲዲው ደግሞ በሁለት ይከፈላል። «ቪኤ» የሚባለው ከፊት ሲያዩት ጥቁሩ ያምራል፣ ከጎን ግን ይገረጣል፤ «አይፒኤስ» የሚባለው ከጎን ይሻላል፣ በጨለማ ክፍል ግን ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። መፍትሔው ሱቁ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ሄዶ መቆም ነው። የሰው ፊት የሚታይበትን ምስል አስከፍተው ወደ ጎን ይራመዱ፤ ፊቱ አመድ ከመሰለ ለመጅሊስ አይሆንም።

ታዲያ ለምን ኦሌድ አልገዛንም? ከዋጋው ሌላ አንድ ምክንያት አለ። እናቴ ቴሌቪዥን ከከፈተች ጠዋት የከፈተችውን ጣቢያ ማታ ነው የምትዘጋው። የጣቢያው ምልክት በአንድ ጥግ፣ የዜና ጽሑፍ ከሥር፣ ቀኑን ሙሉ ሳይነቃነቅ ይቆያል። ኦሌድ ላይ እንዲህ ያለ ቋሚ ምስል ከዓመታት በኋላ ጥላውን ሊተው ይችላል። ፊልም ለሚመርጥና ለሚያጠፋ ሰው ግሩም ነው፤ ለእናቴ አይደለም።

ያገለገለ ዕቃ ለሚገዙ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ከዐረብ ሀገር በሚመጣ ጓዝ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ አልፎ አልፎ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ይገኛል። ትልልቆቹ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 ማምረት አቁመዋል። በጊዜው ምስሉ ድንቅ ነበር፤ ነገር ግን በውስጡ ባሉት ጥቃቅን የጋዝ ክፍሎች የተነሳ አየሩ በሳሳበት ደጋ ላይ «ዝዝዝ» የማለት ጠባይ አለው። ባሕር ዳርቻ ላይ ጸጥ ያለው ፕላዝማ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለችው ደሴ ሲደርስ ንብ ይሆናል። ሰውዬው ተበላሽቶ ነው ብሎ ለጠጋኝ ይሰጣል፤ ጠጋኙም ይቀበላል።

«4ኬ» የሚለውን ቃል በተመለከተ አጭር ልሁን። ጤነኛ ዐይን ከ3.20 ሜትር ርቀት ነጥሎ የሚለያቸው ነጥቦች አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሚራራቁ ናቸው። ባለ 55 ኢንች ተራ ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ ያሉት ነጥቦች ርቀት 0.63 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ እናቴ ከተቀመጠችበት ሆኖ 4ኬን ከፉል ኤችዲ በነጥብ ብዛት የሚለይ ሰው አይኖርም። ዛሬ ትልልቆቹ ቴሌቪዥኖች ሁሉ 4ኬ ሆነው ስለሚመጡ የሚያስመርጥ ነገር የለውም፤ ለ«8ኬ» ግን ሳንቲም አይጨምሩ።

ከ55 ኢንች ወደ 75 ስንወጣ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኖ አገኘነው። ልዩነቱ ለድምፁ ያስፈልገናል አልኳት። እህቴ አልወደደችውም። «ሰው ቤት ሲገባ የሚታየው ስክሪኑ ነው እንጂ ድምፁ ይታያል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። መልሱን የሰጠችው እናታችን ናት።

የእናቴ ጆሮ

እናቴ በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ድራማ ትወዳለች። ጎረቤት ቤት ስታይ ግን ከክፍሉ መሐል ላይ ዞር ብላ «ምን አለ? ምን አለ?» ማለት አብዝታለች። ድምፁን ይጨምሩላታል። «ኧረ ተዉ! ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ ነው የማይገባኝ» ትላለች። ልጆቹ እርጅና ነው ብለው ያልፋሉ።

ይህ አነጋገር ግን ከየትኛውም የባለሙያ ትንታኔ ይልቅ ችግሩን ይገልጸዋል። የንግግር ጉልበቱ ያለው አናባቢው ላይ ነው፤ «ኣ»፣ «ኦ»፣ «ኡ» ዝቅ ባለው ፍሪኩዌንሲ ውስጥ ገዝፈው ይሰማሉ። ቃልን ከቃል የሚለየው ግን ተነባቢው ነው፤ «ሰ» ከ«ፈ»፣ «ተ» ከ«ጠ»፣ «ከ» ከ«ቀ» የሚለዩበት ምልክት አጭርና ስስ ሲሆን የሚገኘውም ከ2,000 ኸርዝ በላይ ባለው ክልል ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ይህንኑ ከፍተኛውን ክልል ነው። ድምፅ ሲጨመር አናባቢውና ዳራ ሙዚቃው አብረው ይጨምራሉ፤ ተነባቢው ባለበት ይቀራል። ጩኸቱ ይበዛል፣ ቃሉ ያው ነው።

በዚህ ላይ የዘመኑ ቴሌቪዥን ራሱ ያግዛል፤ ለክፋት። ስስ ሆኖ እንዲያምር ሲባል እስፒከሮቹ አነስተኛ ሆነው ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ዞረው ነው የሚተከሉት። የተዋናዩ ንግግር መጀመሪያ ግድግዳውን መትቶ ነው ወደ ተመልካቹ የሚደርሰው። የድሮዋ ባለ 21 ኢንች፣ ሆዷ ትልቁ ቴሌቪዥን እስፒከሯ ፊት ለፊት ስለነበር በንግግር ጥራት ብዙዎቹን የዛሬ ቀጫጭኖች ትበልጥ ነበር።

ዕቃ ከመግዛታችን በፊት እናቴን ደሴ ወስደን ጆሮዋን አስመረመርናት። ሐኪሙ ከአንዱ ጆሮዋ የደረቀ ኩክ አወጣና የቀረው የዕድሜ ነው አለ። ወላጅ «አልሰማም» ሲል መጀመሪያ ይህን ማድረግ ከማንኛውም እስፒከር ይረክሳል።

አምስቱና ነጥብ አንዱ

ሆም ቴአትር ሲባል ካርቶኑ ላይ «5.1» ተብሎ ይጻፋል። አምስቱ፦ ከፊት ግራ፣ ከፊት ቀኝ፣ ከፊት መሐል፣ ከኋላ ግራና ከኋላ ቀኝ ናቸው። ነጥብ አንዷ ሳብ ዉፈር ናት፤ የፍንዳታና የነጎድጓድ ጥልቅ ድምፅ ብቻ ስለምታወጣ ነው ሙሉ ቁጥር የተነፈጋት። ይህ አደረጃጀት በዲጂታል መልክ ከሕዝብ ሲኒማ የገባው እ.ኤ.አ. በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» በተባለው ፊልም ነው፤ በኋላ በዲቪዲ አማካይነት ቤት ገባ።

የአቀማመጡ ደንብ ግልጽ ነው። መሐለኛው ከስክሪኑ ሥር ወይም በላይ፣ ግራና ቀኙ ከተመልካቹ 30 ዲግሪ ወደ ጎን፣ የኋላዎቹ ደግሞ ከጆሮው ትንሽ ወደ ኋላ፣ 110 ዲግሪ ላይ። አጎታችን የሚኖረው ከሐይቅ ቀጥሎ ባለው በአምባሰል ወረዳ፣ የ1881 ዓ.ም. ውል በተፈረመባት ውጫሌ ነው። እሱም ባለ አምስት ሆም ቴአትር አለው። አምስቱም እስፒከሮች ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ ዳንቴል ለብሰው ተደርድረዋል። የኋላዎቹ ለምን ከፊት ሆኑ ብዬ ስጠይቀው «ሽቦው እንቅፋት ሆነብን፤ ደግሞስ ከኋላ ማን ያያቸዋል?» አለኝ። በስንት ቤት ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ። የሄሊኮፕተሩ ድምፅ ከኋላ መጥቶ ወደፊት ማለፍ ሲገባው አጎቴ ቤት ከቡፌ ወደ ቡፌ ይበራል።

አጎቴን ግን አልፈርድበትም፤ ምክንያቱም ከኋላ የሚሰማው ምንድን ነው? በሀገራችን የሳተላይት ጣቢያዎች በዲሽ የሚመጣው ድምፅ በአብዛኛው ስቴሪዮ፣ ማለትም ሁለት ቻናል ነው። ዩቲዩብ ላይ የሚለቀቁት የአማርኛ ፊልሞችና ድራማዎችም እንዲሁ። ከፊልም ጫኝ ሱቅ በፍላሽ የሚጫነው የውጭ ፊልም ደግሞ ብዙ ጊዜ ፋይሉ እንዲያንስ ሲባል ወደ ሁለት ቻናል የተጨመቀ ነው። እውነተኛ 5.1 የሚገኘው ከኦሪጅናል ዲስክ ወይም በክፍያ ከሚታዩ የኢንተርኔት ፊልም አገልግሎቶች ነው። ቤትዎ ውስጥ በሳምንት ስንት ሰዓት እነዚህን ያያሉ? እናቴ ቤት መልሱ ዜሮ፣ የወንድሜ ልጆች ሲመጡ ደግሞ ሁለት ሰዓት ነው። ለሁለት ሰዓት ሲባል ገንዘቡን ለአምስት ትንንሽ እስፒከሮች ከመበተን ለሦስት ደህና እስፒከሮች ማዋል ይሻላል አልኩ፤ ግራ፣ ቀኝና መሐል።

መሐለኛዋ የግድ የሆነችው በመጅሊሱ ምክንያት ነው። ሁለት እስፒከር ብቻ ሲኖር ንግግሩ ከስክሪኑ መሐል የሚመጣ የሚመስለው እኩል ርቀት ላይ፣ መሐል ለተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ጆሮ አስቀድሞ የደረሰውን ድምፅ ስለሚያምን፣ በግራ ግድግዳ በኩል የተቀመጠው ሁሉንም ከግራው እስፒከር ይሰማዋል። ተዋናይዋ በቀኝ ቆማ ታለቅሳለች፣ ልቅሶው በግራ ነው። ንግግሩን ለብቻዋ የምትይዝ መሐለኛ እስፒከር ስትኖር ግን ሁሉም ከስክሪኑ ይሰማዋል። የሕዝብ ሲኒማ ቤቶች እስፒከሩን በጥቃቅን ቀዳዳ ከተበሳው ስክሪን ጀርባ የሚያቆሙት ለዚሁ ነው። ስቴሪዮ የሆነው ድራማችንም አይቀርበትም፤ ደህና አምፕሊፋየር በሁለቱ ቻናሎች ላይ እኩል ያለውን ድምፅ፣ ማለትም ንግግሩን፣ ለይቶ ወደ መሐል ይልከዋል። የእናቴ መፍትሔ እዚህ ላይ ነበር፤ የመሐለኛዋን ድምፅ ብቻ ለይቶ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ሺሕ ዋት

በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያ ደመወዜን አጠራቅሜ «1000 ዋት» የተጻፈበት ሆም ቴአትር ገዝቼ ነበር። ከየትኛው ሱቅ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ግማሽ ድምፅ ላይ ሲደርስ ይንቃቃል። አንድ ቀን ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ብረት ሳነብ መሣሪያው ከሶኬት የሚወስደው ኃይል 60 ዋት መሆኑን አየሁ። ከሶኬት 60 የወሰደ መሣሪያ 1000 ከየት አምጥቶ ያወጣል? ካርቶኑ ላይ የነበረው «ፒኤምፒኦ» የሚሉት፣ ለዐይነ እርግብ ጥቅሻ ለምታህል ጊዜ በወረቀት ላይ የተሰላ ቁጥር ነው። ቁም ነገር ያለው «አርኤምኤስ» የሚለው ነው። እሱ ካልተጻፈ ሻጩን ሳይጠይቁ መሣሪያውን ገልብጠው የኃይል ፍጆታውን ያንብቡ።

ደግሞም ብዙ ዋት አያስፈልግም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል፣ ማለትም ጥቂት ብቻ ነው። በጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ተራ እስፒከር በአንድ ዋት ብቻ በአንድ ሜትር ርቀት ከሰው ንግግር በላይ ይጮኻል። ለእናቴ ሳሎን 30 እውነተኛ ዋት ይተርፋል።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከእህቴ ጋር ሦስት ሱቅ ዞርን። በሁሉም የሚከፈቱት ፍንዳታ ያለባቸው ፊልሞች ናቸው። መኪና ይገለበጣል፣ መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል፣ እህቴ ትደሰታለች። ፍንዳታ ግን ምንም አይመሰክርም፤ እውነተኛው ፍንዳታ እንዴት እንደሚሰማ ሻጩም እኔም ልናነጻጽር አንችልም። የሰው ድምፅን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፍላሽ አውጥቼ አንድ የድራማ ክፍልና አንድ በማሲንቆ የታጀበ የአምባሰል ዜማ እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። «በአምባሰል ነው እንዴ ሆም ቴአትር የሚሞከረው?» ብሎ ሳቀ።

በአምባሰል ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን የወሰደው ከዚያው ከሐይቅ ማዶ ከሚታየው ተራራማ ሀገር ነው። ዜማው ብዙ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ድምፃዊውና ማሲንቆው ሁለቱም የሚገኙት የሰው ንግግር ባለበት መካከለኛ ክልል ነው። የማሲንቆ አውታር የፈረስ ጭራ ስለሆነ ደጋኑ ሲነካው የመፋቅ ድምፅ አለው። ያ መፋቅ ከተሰማ የእናቴ «ሰ» እና «ፈ» ይሰማሉ፤ ከጠፋ ይጠፋሉ። በመጀመሪያው መሣሪያ ማሲንቆው ክራር መሰለ። በሁለተኛው ድምፃዊዋ እንስራ ውስጥ ሆና የምታዜም ትመስል ነበር። በሦስተኛው ሱቅ፣ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ያገለገለ አምፕሊፋየርና ሁለት የእንጨት ሣጥን እስፒከሮች ነበሩ። ሲከፈት ሻጩ ራሱ ንግግሩን አቋረጠ። እህቴ ብዙ ሳትቆይ «እሺ፣ ይሄ ይሻላል» አለች። መሐለኛዋን እስፒከር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

ባለ አንድ ዘንግ ሳውንድ ባር ለምን አልገዛችሁም የሚለኝ ይኖራል። ለጠባብ ቤትና ለሽቦ ጠሉ ሰው ጥሩ ነው፤ በተለይ ለመሐል የራሱ እስፒከር ያለው ከሆነ። ሲበላሽ ግን ሙሉውን ይጣላል። የእኛ የሣጥን እስፒከር ወረቀቱ ቢቀደድ ደሴ የሚያድሰው ባለሙያ አለ።

ስንገጣጥመው

ቴሌቪዥኑን ወደ አራቱ ቀዳዳዎች አልመለስነውም። ከወለል 1.70 ሜትር ላይ ናቸው፤ መጅሊስ ላይ የተቀመጠ ሰው ዐይን ግን 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወንበር በሌለበት ቤት ቴሌቪዥንን ከኮርኒስ ሥር መስቀል አንገት ማስቀጣት ነው። ዝቅተኛ ጠረጴዛ አሠርተን የስክሪኑን መሐል ከዐይን ጋር አስተካከልን፤ መሐለኛዋ እስፒከር ከሥሩ፣ ፊቷ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ብሎ። እናቴ ረከቦቱን እዚያው ፊት ለፊት ስለምታቀርብ አንድ ክንድ ራቅ በሉ ተባባልን።

ሳብ ዉፈር እህቴ አልለቅም ስላለች አንድ ትንሽ ገዛን። ጥልቅ ድምፅ በክፍሉ ልክ የሚያብጥበት ቦታ አለው፤ በእኛ ሳሎን በስሌት 41 እና 48 ኸርዝ አካባቢ ነው። ክፍሉ አራት ማዕዘኑ እኩል ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ገጥመው ከበሮ ውስጥ የተቀመጥን ይመስለን ነበር። ቦታ የሚመረጥበት የቆየ ዘዴ አለ፤ ሳብ ዉፈሩን የተመልካቹ መቀመጫ ላይ አኑረው ሙዚቃ ይከፍቱና ወለሉን እየዳሁ ያዳምጣሉ፤ ድምፁ ጠርቶ የተሰማበት ቦታ የሳብ ዉፈሩ ነው። በጉልበቴ ስድህ እናቴ «ምን ጠፋህ ልጄ?» አለችኝ። ከጎረቤት ጋር የጋራ ግድግዳ ስላለን በመጨረሻ ከዚያ ራቅ አድርገን ከግማሽ በታች ቀነስነው።

የመብራቱን ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አይቻልም። ዘመናዊ ቴሌቪዥን የኃይል ማነስን ይችላል፤ አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። የሚገድለው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ከፍታ ነው። ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ደግሞ ማነሱንም አይወድም። ስለዚህ እስታብላይዘር ገዛን፤ መብራት ሲመጣ ወዲያው ሳይለቅ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ ዓይነት። ለእናቴ የተሰጠው መመሪያ አንድ ነው፦ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን ከሶኬት ንቀይ። ከጠቅላላው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ለቴሌቪዥኑ፣ ከሲሶ ትንሽ ከፍ የሚለው ለድምፁ፣ የቀረው ለእስታብላይዘር፣ ለጠረጴዛና ለሽቦ ሆነ።

የኋላዎቹን ሁለት እስፒከሮች አልገዛንም። ሽቦአቸውን ግን ከምንጣፉ ሥር ዘርግተን ጫፉን ከመጅሊሱ ጀርባ፣ ከተቀማጭ ሰው ጆሮ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን ትተነዋል። ዝቅ ብለው ቢተከሉ አጠገባቸው የተቀመጠውን እንግዳ ያደነቁሩታል። እህቴ በሚቀጥለው ስትመጣ እገዛቸዋለሁ ብላ ምላለች።

የመጀመሪያው ማታ ቤቱ ሞላ። ያ ጎረቤት እናቴ ስታስቸግረው የከረመችው ቤተሰብ ጭምር መጣ። ድራማው ተጀመረ፤ የመሐለኛዋን ድምፅ በሦስት ደረጃ ከፍ አድርጌ እናቴን በዐይኔ እከታተላለሁ። ለሩብ ሰዓት ያህል ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ጎረቤቷ ዞር ብላ «ምን አለ?» ስትላት፣ እናቴ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «እህቱ መሆኗን አላወቀም አለች፤ ዝም በይ» አለቻት። እህቴ ወደ እኔ አየች።

ወዲያው የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ያዘው። ድምፅ ጨመርኩ፤ ዝናቡም ጨመረ። እናቴ ሪሞቱን ከእጄ ወስዳ አጠፋችውና ቡናው እንዲቆላ አዘዘች።